«የተጠቃሚ ዕውቀት ማነስ» ተብሎ ለተዘጋ ማመልከቻ የተሰጠ መልስ

ለክቡር አቶ ምንይሉ
የጮቄ ኔት የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት
የቢቸና ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ከመስጠት ይልቅ ግልጽ አድርጌ ለመለጠፍና ለጋዜጣም ለመላክ የመረጥኩት እርስዎን ንቄ አይደለም። ከዚህ በፊት ለቢሮዎ የሰጠኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በሙሉ ከቢሮዎ ስለ ጠፉ፣ ይህኛው ብዙ ሰው እጅ ቢገባ ሳይተርፍ አይቀርም ብዬ ነው።

በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደ ሆነ፣ ማስተዋል ሰማው እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ ዘጠኝ ነው። እዚሁ ቢቸና በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ወረቀት እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። ይህን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ምናልባት የሌላ ሰው መስመር ይመርጡ ነበር።

ነገሩ ለሚያነበው ሁሉ ግልጽ እንዲሆን ከቤቴ ልጀምር። አባቴ መሪጌታ ሰማው አርባ ዓመት ሙሉ ቅኔ አስተምረዋል። የሰው ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩት ሰው የራሳቸውን ልጅ ግን ከስድስተኛ ክፍል አስቀርተው በአሥራ አምስት ዓመቷ ዳሯት። ትዳሩ አልሆነልኝም፤ ተመለስኩ። በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሬ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ተምሬ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ከሰባት ዓመት በፊትም የዲግሪ ትምህርቴን በርቀት ጀመርኩ። አባቴ ግራ ጎናቸው ከሰለለ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ከአልጋ የማነሣቸውም፣ የማጎርሳቸውም እኔ ነኝ። አንድ ቀን እግራቸውን እያጠብኩ ሳለሁ «ማስተዋል፣ ያኔ የከለከልኩሽን ነገር ስትጨርሺው ሳላይ አልሙት» አሉኝ። ከዚያ በፊት ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። እኔም ማጠቤን ቀጠልኩ።

ባለፈው ታኅሣሥ የድርጅትዎን መስመር ቤቴ ያስገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲው አባቴን ጥዬ መሄድ እንደማልችል ተረድቶ የመመረቂያ ጽሑፌን በቪዲዮ ከቤቴ ሆኜ ለፈታኞች እንዳቀርብ ፈቀደልኝ። ቀኑ መጋቢት 10፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተባለ። መስመሩ ሁለት ወር ያህል እንከን ሳይኖረው ሠርቶ የካቲት 18 ቀን ቀጥ አለ። ኮምፒውተሬ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ለአባቴ ባነብላቸው «ሰሙ አለ፣ ወርቁ የለም ማለት ነዋ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከድርጅትዎ ከተሰጡኝ ማብራሪያዎች አንዱም የዚህን ያህል ግልጽ አልነበረም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ) በመጀመሪያ የማመሰግነው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዎን ወይዘሪት እፀገነትን ነው። «አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ፤ አጥፍቼ አበራሁት። በማግስቱ ብሄድ «የኢንተርኔቱን ሳጥን ነቅለው፣ አሥር ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት» አለችኝ፤ ነቅዬ ሰካሁት። ገመዱን በሌላ ቀየርኩ። ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ሥር፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ቁም ሣጥኑ ላይ አዛወርኩ። በስተኋላው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኜ እንደ አዲስ አስነሣሁት። ያጠፋሁበትንና ያበራሁበትን ቀንና ሰዓት በደብተር መዝግቤዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ ነው። ልጅቱን አልወቅሳትም፤ የነገረችኝ የተነገራትን ነው። «ሽቦውን ምሰሶው ላይ ወጥቶ የሚያይልኝ ሰው ይላክ» ባልኳት ጊዜ ግን ዓይኗን ሰበር አድርጋ «እሱን የሚያዙት አቶ ምንይሉ ናቸው» አለችኝ። ዓይኗን ለምን እንደ ሰበረች የገባኝ ዘግይቶ ነው።

፪ኛ) ቀጥሎ ቴክኒሻንዎን ዘመነን አመሰግናለሁ። ባመለከትኩ በዘጠነኛው ቀን መጣ። መሰላል ይዞ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ፍላሽ ይዞ መጣ። ወደ ምሰሶው ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «እታለም፣ ቫይረስ ነው» አለና ኮምፒውተሬን ፎርማት አደረገው። የሰባት ዓመት ትምህርቴ፣ የመመረቂያ ጽሑፌም ጭምር፣ በሩብ ሰዓት ተጠረገ። ደግነቱ የመዝገብ ቤት ሰው አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ አይተኛም፤ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ በወረቀት፣ አንዱም በመሥሪያ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነበረኝ። ኮምፒውተሩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ሲነሣ «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም» አለ። ዘመነ ላቡን ጠርጎ «እንግዲያውስ አርጅቷል» ሲል ፈረደበት። ይህን ጊዜ አባቴ ከአልጋቸው ሆነው «አንተ ልጅ፣ በሽተኛውን ትቶ ጠያቂውን የሚያክም ሐኪም ዛሬ ገና አየሁ» አሉት። ሻንጣውን ሰብስቦ ወጣ።

፫ኛ) አሁን ወደ እርስዎ መጣሁ። መጋቢት 4 ቀን ራሴ ቢሮዎ ገባሁ። አግዳሚው ላይ አምስት ደንበኞች ተቀምጠው ነበር። ቀኑ እንደ ደረሰብኝ፣ አባቴም እንደሚጠብቁ ቆሜ ነገርኩዎ። እርስዎ ግን ከወንበርዎ ሳይነሡ «እማማ፣ የእኛ መስመር ጤነኛ ነው። ችግሩ ከተጠቃሚዋ ነው። ኮምፒውተር በዚህ ዕድሜ ይከብዳል፤ ማኅበርዎን ቢጠጡ ይሻልዎታል» አሉኝ። ከአምስቱ ሦስቱ ሳቁ፤ ሁለቱ መሬት መሬቱን አዩ። የሳቁትን በስም አውቃቸዋለሁ፤ ለጊዜው ይቆየኝ። ቅጹም ላይ በራስዎ እጅ «የችግሩ ምክንያት፦ የተጠቃሚ ዕውቀት ማነስ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተም አሳረፉበት። «ይፈርሙ» አሉኝ፤ ፈረምኩ። ቅጂ እንዲሰጡኝ ስለምንዎ ፈገግ ብለው ሰጡኝ። ስለዚህች ቅጂ ከልቤ አመሰግናለሁ። በዕድሜዬ ከተቀበልኳቸው ስጦታዎች የእሷን ያህል የጠቀመኝ የለም።

፬ኛ) መጋቢት 9 ቀን፣ ዋዜማው ላይ፣ እንደገና መጣሁ። የመሥሪያ ቤቴን አለቃ ቢሯቸውን ለአንድ ሰዓት እንዲያውሱኝ ልለምን፣ አባቴንም በጎረቤት ትከሻ ተሸክመን ልንወስዳቸው አስቤ ነበር። ይህንኑ ብነግርዎ በአዛኝ ድምፅ «ምን አደከመዎት? ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይለቀቃል። የትም አይሂዱ፤ ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ» አሉኝ። አመንኩዎ። ከስሕተቶቼ ሁሉ የተጠቃሚ ዕውቀት ማነስ የምለው ይህንን ብቻ ነው።

መጋቢት 10 ጠዋት ምን እንደ ሆነ እርስዎ ስላልነበሩ ልንገርዎ። አባቴ ነጭ ልብሳቸውን እንዳለብሳቸውና ጥምጥማቸውን እንድጠመጥምላቸው ጠየቁኝ፤ ከታመሙ ወዲህ ጠምጥመው አያውቁም ነበር። በትራስ ደግፌ ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ጎረቤቴ አገሬም ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ሦስት ተኩል ሆነ። ሰባት ጊዜ ደወልኩልዎ፤ ስልክዎ ይጠራል፤ አይነሣም። አራት ሰዓት ሲሞላ በእጅ ስልኬ ሞከርኩ። የፈታኞቹ ፊት ብቅ አለና ደርቆ ቀረ። አንዱ «ወይዘሮ ማስተዋል፣ ድምፅዎ አይሰማንም» ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ያም ተቋረጠ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «አልቀረቡም ተብሎ ተመዝግቧል» የሚል መልእክት መጣልኝ።

አባቴ «ተጀመረ?» አሉኝ። «አልተጀመረም፣ አባባ» አልኳቸው። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እንደ ተጠመጠሙ ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ «በይ ጥምጥሙን ፍቺልኝ፤ ከበደኝ» አሉ። ፈታሁላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ትምህርቴ አልጠየቁኝም፤ እንዳልጨነቅ ብለው ነው።

በዚያው ሳምንት አባቴን ለአገሬ አደራ ብዬ፣ ኮምፒውተሩንና ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ በአውቶብስ ሞጣ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ ወይንእሸት እዚያ መምህርት ናት፤ ቤቷም የእናንተው ድርጅት መስመር አለ። ቢቸና ውስጥ የእናንተን መስመር ያስገባ ዘመድ ስለሌለኝ ነው እስከዚያ መሄዴ። ያረጀው፣ ቫይረስ የበላው ኮምፒውተሬ ከመስመሯ ጋር ሲገናኝ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሳጥኑም እንደዚሁ። የእኔ የዕውቀት ማነስ ሞጣ ሲደርስ በምን እንደ ዳነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወይንእሸት የሞጣውን ቅርንጫፍ አንድ ሠራተኛ ጠራችልኝ። ስሙን አልጽፍም፤ በእናንተ ቤት ቅንነት እንደ ጥፋት ይቆጠር እንደ ሆነ አላውቅም። የደንበኝነት ቁጥሬን፣ 417ን፣ ስልኩ ላይ አስገብቶ አየው። «እህቴ፣ መስመርሽ አልሞተም። ሌላ ቤት እየሠራ ነው» አለኝ። የማን ቤት ነው ብዬ ብጠይቀው «እሱን እኔ ከምነግርሽ ሽቦውን ተከትለሽ ብትሄጂ ይሻላል። ጫፉ ላይ ቁጥርሽ ታስሯል» ብሎኝ ሄደ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከደጄ ምሰሶ ጀመርኩ። የእኔ ሽቦ ከማከፋፈያው ሳጥን ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ቁጥር 417 የታሰረበት ሌላ አዲስ ሽቦ ደግሞ ከዚያው ሳጥን ወጥቶ ወደ ገበያው ይሄዳል። አንገቴን አቅንቼ ተከተልኩት። በእህል በረንዳው በኩል አለፍኩ፤ የማውቃቸው ሰዎች «ምን ጠፋሽ?» ሲሉኝ «መስመር» እያልኩ ሄድኩ። በስድስተኛው ምሰሶ ላይ ሽቦው ወደ አንድ ግቢ ወረደ። የባለቤትዎ ወንድም የከፈቱት አዲሱ የእንግዳ ማረፊያ ነው። በሩ ላይ «ፈጣን ዋይፋይ በነጻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። የተመረቀው፣ ድንኳን የተጣለበትና እርስዎም ሪባን የያዙለት ቀን የካቲት 18 ነው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ዓይኑንም ልቡንም አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አየሁት።

ያን ዕለት ጮኬ ቢሆን ኖሮ ይወዱ ነበር፤ «አብዳለች» ለማለት ይመቻል። እኔ ግን ቤቴ ሄጄ ኮምፒውተሬን ይዤ ተመለስኩና ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። ሃና የምትባለው አስተናጋጅ በትሕትና ፓስወርዱን በወረቀት ጻፈችልኝ። ለዋናው መሥሪያ ቤታችሁ የቅሬታ ክፍል የጻፍኩትን አቤቱታ ከአሥራ አንድ አባሪ ጋር ከዚያው፣ በገዛ መስመሬ፣ ላክሁት። የፈረሙበት ቅጽ አባሪ ቁጥር አንድ ነው። የደብተሬ ገጾች፣ የምሰሶዎቹ ፎቶግራፍ በየተራ ቁጥራቸው፣ የሰሌዳውም ፎቶግራፍ አሉበት። ስለ ፍጥነቱ ድርጅትዎን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆናል፤ አሥራ አንዱም አባሪ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆራረጥ ደረሰ።

ግንቦት 13 ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። እርስዎ «ከዚህች ሴት የቀረበ አንድም ማመልከቻ የለም» እንዳሉ ነገሩኝ። የሦስቱንም ቅጂ፣ እፀገነት የተቀበለችበትን ፊርማ ጨምሬ፣ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩላቸው። ምሰሶውንም ወጥተው አዩት። በማግስቱ ዘመነ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰላል ይዞ ደጄ መጣ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ሽቦውን ቀጥሎ ወረደ። አባቴ «አሁን ወርቁ መጣ?» አሉኝ። «መጣ፣ አባባ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ዩኒቨርሲቲው ሌላ ቀን ይሰጠኝ እንደ ሆነ ገና ስለማላውቅ ሌላ ነገር አልነገርኳቸውም።

በአሥረኛው ቀን፣ ግንቦት 24፣ ዐረፉ።

ዩኒቨርሲቲው የተቆጣጣሪዎቹን ደብዳቤ አይቶ ሰኔ 12 ቀን ቀጠረኝ። አቀረብኩ። ፈታኞቹ አንድ ሰዓት ከሩብ ያዙኝ፤ መስመሩ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። «በጣም ጥሩ» ብለው ውጤቴን ሲነግሩኝ አገሬ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ የተጠቀለለውን ፍራሽ አየችና ተወችው።

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ደግነትዎን ላንሣ። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ልከውብኛል። አስገባኋቸው፤ አስቀመጥኳቸው፤ አንገቴን ደፍቼ ሰማኋቸው። «ልጅ ነው፤ ተሳስቷል። ውሳኔው ሳይወጣ አቤቱታሽን አንሺለት። አንቺም እንደ ሆነ ዲግሪሽን አግኝተሻል፤ ምን ጎደለብሽ?» አሉኝ። ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። መልሴን ከእነርሱ ጋር እንዳልልክ ያሰብኩት በመንገድ ላይ እንዳይለሰልስ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ያንብቡት።

የራሴን ትቼልዎታለሁ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ «እማማ» ያሉኝን ትቻለሁ። ሰው ሲስቅብኝ ያዩትን፣ ኮምፒውተሬን ያስጠረጉትን፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ያስጠፉኝንና ያስበሩኝን ትቻለሁ። የመጋቢት 10 ጠዋት ግን የእኔ አይደለችም፤ የአባቴ ናት። እሷን ይቅር የማለት ሥልጣን የለኝም። ይቅርታውን ከሳቸው ይጠይቁ። የተቀበሩበትን ደብር ያውቁታል፤ ከቢሮዎ በስተጀርባ ነው፤ በእግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከወንበርዎ መነሣት ግን ይጠይቃል።

አቤቱታዬን አላነሣም። እንዲያውም ከሥራ መልስ፣ ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ፣ «ቫይረስ ነው» እና «አርጅቷል» ለተባሉ የከተማችን ደንበኞች ማመልከቻ እጽፋለሁ። እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ሰው መጥቷል። ከአሥራ ዘጠኙ ሁለቱ ያን ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ከሳቁብኝ ናቸው። ማልቀስ ቢቀራቸው ነው፤ ጻፍኩላቸው። እያንዳንዱ በሦስት ቅጂ፣ ተቀባዩ ፈርሞ፣ ቀን ተጽፎበት ነው። ከእንግዲህ ከቢሮዎ አንድ ወረቀት ቢጠፋ፣ ሁለቱ ወንድሞቹ የት እንዳሉ እኔ አውቃለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ ማስታወስና ውሳኔው እስኪነበብ ድረስ ያልተቋረጠ ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ለሰጡኝ ቅጂ በድጋሚ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣

ማስተዋል ሰማው
በመዝገብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በዚህ ዕድሜ
የደንበኝነት ቁጥር 417
ቢቸና፣ ሐምሌ 14 ቀን

ግልባጭ፦
ለዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል
ለሞጣ ቅርንጫፍ፣ በእነርሱ ዘንድ ኮምፒውተር ስለሚሠራ
ለእንግዳ ማረፊያው፣ ከምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎ ከላኳቸው ሦስት ሽማግሌዎች ሁለቱ ተሰናብተው ሲወጡ ሦስተኛው ጫማቸውን የፈለጉ መስለው ወደ ኋላ ቀሩ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የእኔም ቤት ከሰኔ መባቻ ጀምሮ ጠፍቷል፤ አጥፍተህ አብራው ብለውኛል። እስቲ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አሉኝ። እዚያው እንደ ቆሙ ጻፍኩላቸው፤ ሃያኛው መሆናቸው ነው። የፊታችን ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ይዘውት ይመጣሉ። ለሽምግልናው ውጤት ይመስልዎታልና፣ አደራ፣ ብድግ ብለው ይቀበሏቸው።